የሌንስ ንድፍ ለመማር የትኛው መጽሐፍ ይቅደም?

ጥያቄ፦ «ሱሉልታ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። የሄክትን የኦፕቲክስ መጽሐፍ ከግማሽ በላይ አንብቤያለሁ፤ ልምምዶቹንም ሠርቻለሁ። ሆኖም እርሳስና ወረቀት ይዤ አንድ ሌንስ ልንደፍ ስል መነሻው ይጠፋብኛል። የሌንስ ንድፍን ከሀ እስከ ፐ የሚያስተምር አንድ መጽሐፍ ቢጠቁሙኝ። ወይስ አሁን ሁሉንም ኮምፒውተር ስለሚሠራው መጽሐፉን ትቼ ሶፍትዌሩን ብማር ይሻላል? ዓላማዬ ለተማሪዎቼ 80 ሚሊሜትር ስፋትና 1 ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው የቴሌስኮፕ ሌንስ ነድፌ፣ አዲስ አበባ ካሉት መነጽር ቤቶች በአንዱ ማሠራት ነው።»

ምላሽ፦ ሄክትን እስከ መጨረሻው ገጽ ቢያነቡትም ሌንስ መንደፍ አይችሉም። የዩጂን ሄክት መጽሐፍ ብርሃን ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚጓዝ የሚያስረዳ የፊዚክስ መጽሐፍ ነው፤ በዚህ ረገድ የሚወዳደሩት ጥቂት ናቸው። የሚመልሰው ጥያቄ ግን የእርስዎን አይደለም። በፊዚክስ ልምምድ ሌንሱ ይሰጥዎትና ምስሉ የት እንደሚያርፍ ይፈልጋሉ። በንድፍ ሥራ ምስሉ የት ማረፍ እንዳለበትና ምን ያህል መጥራት እንዳለበት ይሰጥዎትና ሌንሱን ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው አንድ መልስ አለው። ሁለተኛው ግን ስፍር ቁጥር የሌለው መልስ አለው፤ አብዛኛው ደካማ፣ ጥቂቱ ደኅና፣ እጅግ ጥቂቱ ደግሞ በተመጣጣኝ ዋጋ ሊሠራ የሚችል ነው። መነሻው የጠፋብዎት በዚህ ምክንያት እንጂ የሒሳብ ችሎታዎ አንሶ አይደለም። ከሄክት ለአሁኑ የሚያስፈልጉዎት ስለ ጂኦሜትሪያዊ ኦፕቲክስ የሚናገሩት 5ኛውና 6ኛው ምዕራፎች ናቸው። እነሱን በደንብ ከያዙ የቀረውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

ሁለተኛው እርማት «ከሀ እስከ ፐ» የሚለውን ይመለከታል። ሌንስ የሚነድፍ ሰው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን መቻል አለበት። ጨረር በእያንዳንዱ ገጽ ሲያልፍ የት እንደሚደርስ ማስላት አለበት፤ ጨረሮቹ አንድ ነጥብ ላይ ሳይገናኙ ሲቀሩ የጉድለቱን ዓይነትና ምንጩን መለየት አለበት፤ ከዚያም የትኛውን ጉብጠት፣ የትኛውን ክፍተት ወይም የትኛውን ብርጭቆ ቢለውጥ ጉድለቱ እንደሚቀንስ መወሰን አለበት። ማስላቱን ትሪጎኖሜትሪ የሚያውቅ ሁሉ በአጭር ጊዜ ይይዘዋል። ጉድለቶቹን ጀርመናዊው ሉድቪግ ዛይደል በ1856 ሥርዓት አስይዟቸዋል፤ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አምስት ናቸው፦ ስፌሪካል አቤሬሽን (በሌንሱ ዳርና በመካከሉ የሚያልፉ ጨረሮች ዘንጉን በተለያየ ቦታ መቁረጣቸው)፣ ኮማ (ከመካከል የራቀ ነጥብ እንደ ጭራ ኮከብ መዘርጋቱ)፣ አስቲግማቲዝም (የቁምና የአግድም መስመሮች በተለያየ ርቀት መጥራታቸው)፣ የምስሉ ሜዳ መጉበጥ፣ የምስሉ ቅርጽ መዛባት። በእነሱ ላይ ብርሃን በቀለም በመበታተኑ የሚመጡ ሁለት ጉድለቶች ይታከላሉ።

ሦስተኛው፣ ውሳኔው፣ ከሁሉም የከበደ ነው፤ መጻሕፍት የሚለያዩትም በዚህ ነው። እንግሊዛዊው ዴኒስ ቴይለር በ1893 ያስመዘገበውን ባለ ሦስት ሌንስ የካሜራ ንድፍ ይመልከቱ። ስድስት የጎበጡ ገጾችና ሁለት የአየር ክፍተቶች አሉት፤ ነዳፊው ሊለውጣቸው የሚችላቸው ስምንት ነገሮች ማለት ነው። ሰባቱ ሰባቱን ጉድለቶች ለመግራት፣ አንዱ የትኩረት ርቀቱን ለመያዝ ይበቃሉ። ከዚያ ያነሰ ሌንስ ቢይዝ አንዱን ጉድለት ለማረም ሌላውን መልቀቅ ግድ ይሆንበት ነበር። ይህ ቆጠራ የገባው ተማሪ ስለ ንድፍ ያለው አስተሳሰብ ከሥሩ ይለወጣል፤ ጥሩ ሌንስ ምን እንደሆነ መጠየቁን ትቶ በእጁ ስንት የሚለወጥ ነገር እንዳለና በየትኛው ጉድለት ላይ እንደሚያውለው መጠየቅ ይጀምራል።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፍዎ የዋረን ስሚዝ «ሞደርን ኦፕቲካል ኢንጂነሪንግ» ይሁን። በ1966 የወጣ፣ ደጋግሞ የታደሰ፣ እስከ አራተኛ እትም የደረሰ መጽሐፍ ነው። ስሚዝ በኢንዱስትሪ ውስጥ የኖረ ነዳፊ በመሆኑ ከእያንዳንዱ ቀመር በኋላ ቀመሩ በሥራ ላይ ምን እንደሚጠቅምና የት ላይ እንደሚከዳ ይናገራል። የሚጠይቀው ሒሳብ አልጀብራና ትሪጎኖሜትሪ ነው፤ ለሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር አይከብድም። ስለ ምስል አመሠራረት፣ ስለ ጉድለቶች፣ ስለ ብርሃን መግቻ ቀዳዳዎች፣ ስለ ዓይንና ስለ ብርጭቆ ዓይነቶች የሚናገሩትን ምዕራፎች በተራ ያንብቡ። የብርሃን መጠን ልኬትንና መሰል ምዕራፎችን በመጀመሪያ ንባብ መዝለል ጉዳት የለውም። የመጨረሻውን እትም ካላገኘሁ ብለው አይጨነቁ። የ1990ው ሁለተኛ እትም ለጀማሪ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዟል፤ ጨረር ከዚያ ወዲህ የሚታጠፍበትን ሕግ አልቀየረም።

ይሁን እንጂ ይህን መጽሐፍ ማንበብ ብቻ የትም አያደርስም። አንድ ሌንስ ይምረጡና ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ይዘውት ይሂዱ። የእርስዎ ሌንስ ተመርጧል፤ ያ የ80 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ነው። እንዴት እንደሚጀመር ላሳይዎት።

መጀመሪያ ነጠላ ሌንስ ለምን እንደማይበቃ በቁጥር ይዩት። ቢኬ7 የሚባለው የተለመደ የክራውን ብርጭቆ፣ ማለትም ቀለማትን ብዙም የማይበትን ዓይነት፣ የአቤ ቁጥሩ 64.17 ነው። የአቤ ቁጥር ብርጭቆው ቀለማትን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ይነግረናል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ብተናው ይቀንሳል። ከየት እንደመጣ ራስዎ ማስላት ይችላሉ፤ የብርጭቆው የስብረት ኢንዴክስ (ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጥፍ የሚነግር ቁጥር) በቢጫው ብርሃን 1.51680፣ በሰማያዊው 1.52238፣ በቀዩ 1.51432 ነውና ከቢጫው ላይ 1 ቀንሰው በሰማያዊውና በቀዩ ልዩነት ያካፍሉት፤ አሃዞቹ የተጠጋጉ በመሆናቸው 64.1 ገደማ ይመጣል። አሁን የትኩረት ርቀቱን፣ 1000 ሚሊሜትር፣ በአቤ ቁጥሩ ያካፍሉ። 15.6 ሚሊሜትር ያገኛሉ፤ ሰማያዊው ብርሃን ከቀዩ ቀድሞ የሚያርፍበት ርቀት ይህ ነው። በሌላ በኩል ይህ ስፋትና ይህ የትኩረት ርቀት ያለው ቴሌስኮፕ ምስሉ ሳይደበዝዝ ሊሸከመው የሚችለው የትኩረት መዛነፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ0.35 ሚሊሜትር አይበልጥም። ስህተቱ ከሚፈቀደው ከ40 እጥፍ በላይ ነው። ጨረቃን ቢያዩበት በወይን ጠጅ ቀለም የተከበበች ብዥ ያለች ነገር ያያሉ።

መፍትሔው ብዙ የሚበትን ፍሊንት ብርጭቆ ከክራውኑ ጋር ማጣመር ነው። ኤፍ2 የሚባለው ፍሊንት ኢንዴክሱ 1.620፣ የአቤ ቁጥሩ 36.37 ነው። የሁለቱ የአቤ ቁጥሮች ልዩነት 27.80 ይሆናል። 64.17ን ለ27.80 ሲያካፍሉ 2.308 ይመጣል፤ ክራውኑ ብርሃንን በማጠፍ ከጠቅላላው ሌንስ 2.308 እጥፍ ጠንካራ መሆን አለበት ማለት ነው፤ የትኩረት ርቀቱ 433 ሚሊሜትር። 36.37ን ለ27.80 ሲያካፍሉ 1.308 ይመጣል፤ ፍሊንቱ በዚህ መጠን፣ ግን በተቃራኒ ምልክት፣ ጠንካራ ይሆናል፤ የትኩረት ርቀቱ ከዜሮ በታች 764 ሚሊሜትር። እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡበት። ክራውኑ ከሚያስፈልገው ከእጥፍ በላይ እየሠራ ነው፤ ፍሊንቱም ትርፉን መልሶ እያፈረሰ ነው። ሁለቱ ብርጭቆዎች በአቤ ቁጥር ይበልጥ ተቀራርበው ቢሆን ኖሮ ትግሉ ይበረታ፣ ገጾቹም ይበልጥ ይጎብጡ ነበር። የብርጭቆ ምርጫ ግማሽ ንድፍ ነው የሚባለው ለዚህ ነው፤ ስሚዝም ይህን በደንብ ያስረዳል።

ክራውኑን በሁለቱም በኩል እኩል የጎበጠ ካደረጉት ራዲየሱ 448 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ፍሊንቱ በዚሁ ጉብጠት ከክራውኑ ጋር ከተጣበቀ የመጨረሻው ገጽ ራዲየስ ከ8 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ለዓይን ጠፍጣፋ ነው። አሁን በእጅዎ ሦስት ራዲየስ ያለው እውነተኛ ሌንስ አለ። ውፍረት ይስጡት። በ80 ሚሊሜትር ስፋት እያንዳንዱ የክራውኑ ገጽ ከመካከል እስከ ዳር 1.8 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚወርድ፣ መካከሉ 12 ሚሊሜትር ቢሆን ዳሩ 8.4 ሚሊሜትር ይቀረዋል፤ ለአያያዝ የሚመች ነው። ከዚያ ጨረር ይላኩበት፤ አንዱ ከመካከሉ አጠገብ፣ ሌላው በ28 ሚሊሜትር ከፍታ፣ ሦስተኛው በዳሩ በ40 ሚሊሜትር። በእያንዳንዱ ገጽ የስኔልን ሕግ (ብርሃን ከአየር ወደ ብርጭቆ ሲገባና ሲወጣ የሚታጠፍበትን ቀመር) እየተጠቀሙ በሦስቱም ቀለማት ያስሉ። በኤክሴል አንድ ሠንጠረዥ ይበቃል። ሦስቱ ጨረሮች ዘንጉን፣ ማለትም በሌንሱ መካከል የሚያልፈውን ቀጥታ መስመር፣ የሚቆርጡበት ቦታ ልዩነት ስፌሪካል አቤሬሽንን ያሳይዎታል፤ የቀለማቱ ልዩነት ደግሞ የተረፈውን የቀለም ጉድለት። የዚህ ዓይነት ጥንድ ሌንስ የሚያስቀረው የቀለም ስህተት በተለምዶ ከትኩረት ርቀቱ ሁለት ሺህኛ እጅ ገደማ ነው፤ ለእርስዎ ግማሽ ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ከ0.35 ስለሚበልጥ በደማቅ ነገሮች ዳር ስስ ሐምራዊ ጭረት ይታያል። ይህ የሁለት ተራ ብርጭቆዎች ወሰን እንጂ የእርስዎ ስህተት አይሆንም።

ይህን ሠንጠረዥ በእጅዎ የሠሩ ዕለት ሁለተኛው መጽሐፍ ይከፈትልዎታል፤ የሩዶልፍ ኪንግስሌክ «ሌንስ ዲዛይን ፈንዳሜንታልስ»። በ1978 ወጣ፤ በ2010 ባሪ ጆንሰን አድሶ ሁለተኛ እትም አወጣው። ኪንግስሌክ ለንደን ውስጥ በኢምፔሪያል ኮሌጅ የሌንስ ንድፍ መምህሩ የኮንራዲ ተማሪ ነበር፤ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሮቸስተር ለረጅም ዓመታት አስተማረ፤ በኮዳክም የሌንስ ንድፍ ክፍልን መራ። መጽሐፉ የጠረጴዛ ሥራ መጽሐፍ ነው። አንድ ሌንስ ይወስዳል፣ ቁጥሮቹን ይሰጣል፣ ጉድለቱን ያሳያል፣ አንድ ነገር ይለውጣል፣ እንደገና ያሰላል። የተጣበቁ ጥንድ ሌንሶችን የያዘው ምዕራፍ የእርስዎ ጉዳይ በቀጥታ ነው። ክራውኑን እኩል የጎበጠ ማድረጉ ቀላል ምርጫ ነበር፤ ጥንዱን በሙሉ ወደ አንድ ወገን ብናጎብጠው ስፌሪካል አቤሬሽኑና ኮማው እንዴት እንደሚለዋወጡ እዚያ ያገኙታል። ከሁሉም የሌንስ ንድፍ መጻሕፍት «አንዱን ብቻ ይዘህ ቅር» ብባል ኪንግስሌክን እይዛለሁ። ለጀማሪ ስሚዝን ያስቀደምሁት ኪንግስሌክ መሠረቱን አስቀድሞ እንዳወቁት ቆጥሮ ስለሚፈጥን ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፍ። የማይክል ኪድጀር «ፈንዳሜንታል ኦፕቲካል ዲዛይን» ቀጭን፣ ግልጽ፣ ሶፍትዌር ለሚጠቀም ሰው የተጻፈ ነው፤ ስሚዝ ከጠፋ በእሱ ቦታ ሊገባ ይችላል። የሆሴ ሳሲያን የ2019 መግቢያ ዘመናዊና የተመጠነ ነው። የጆሴፍ ጊሪ መጽሐፍ በሶፍትዌር ልምምድ የታጀበ በመሆኑ ያለ አስተማሪ ለሚማር ሰው ጥሩ ድጋፍ ነው። የዌልፎርድ የአቤሬሽን መጽሐፍ እጅግ የጠራ ቲዎሪ ነው፤ ግን ከሁለቱ ዋና መጻሕፍት በፊት ቢገቡበት ልብ ያደክማል። የኮንራዲን ባለ ሁለት ቅጽ ሥራ ብዙ ሰው ለጀማሪዎች ሲመክረው አያለሁ፤ እኔ አልመክርም። የመጀመሪያው ቅጽ በ1929 ወጣ፤ ሁለተኛው ደራሲው ከሞተ በኋላ በኪንግስሌክ አዘጋጅነት በ1960 ታተመ። በሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ለሚያሰሉ ሰዎች የተጻፈ ነው፤ ጥልቀቱ አሁንም የሚደነቅ ቢሆንም አንባቢውን በአሮጌ ምልክቶች ያደናግራል። ኋላ ይመለሱበት።

ስለ ምልክቶች አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ፤ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ተማሪ ተስፋ የቆረጠበት ቦታ ነው። አንዱ መጽሐፍ ወደ ላይ የሚወጣን ጨረር ማዕዘን ፖዘቲቭ ይለዋል፤ ሌላው ኔጋቲቭ። የርቀት አቆጣጠርም እንዲሁ ይለያያል። ከሁለት መጻሕፍት ቀመር ቀላቅለው ቢጠቀሙ መልሱ ስህተት ይሆናል፤ ስህተቱንም በቀላሉ አያገኙትም። አንድ ሥርዓት ይምረጡ፣ በደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በሥዕል ይሳሉት፣ ከሌላ መጽሐፍ የሚወስዱትን ቀመር ሁሉ ወደዚያ ይለውጡት። የብርጭቆ ስሞችም ተለውጠዋል። በአሮጌ መጻሕፍት ያሉ ብዙ ብርጭቆዎች ሊድና አርሴኒክ ስለነበራቸው ምርታቸው ቆሟል ወይም በሌላ ተተክቷል፤ ቢኬ7 እንኳ ዛሬ በብርጭቆ አምራቹ በሾት ካታሎግ ኤን-ቢኬ7 ነው። ከመጽሐፍ የወሰዱትን ንድፍ ከማመንዎ በፊት ብርጭቆው ዛሬ መኖሩን በሾት፣ በኦሃራ ወይም በሆያ ካታሎግ ያረጋግጡ። ካታሎጎቹ በነፃ ይገኛሉ።

የዋጋ ጉዳይ አለ። እነዚህ መጻሕፍት በውጭ ምንዛሪ የሚሸጡ ናቸው፤ ለአንድ መምህር ደመወዝ ከባድ መሆናቸውን አውቃለሁ። ስለዚህ ሳይገዙ በሕጋዊ መንገድ የሚያገኙትን ልንገርዎት። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት በ1962 ያወጣው የኦፕቲካል ዲዛይን መመሪያ፣ መለያው ሚል-ሃንድቡክ-141፣ የመንግሥት ሰነድ በመሆኑ በነፃ ይወርዳል። ጨረር መከታተልን፣ ጉድለቶችንና የቴሌስኮፕ ሌንሶችን በቁጥር ምሳሌ ያስተምራል። ቁመናው አሮጌ ነው፣ ትምህርቱ ግን አላረጀም። ኢንተርኔት ደህና በሆነበት ቀን አንዴ ያውርዱትና የሚፈልጓቸውን ምዕራፎች አሳትመው ያስጠርዙ፤ መብራት በጠፋበት ምሽትም በሻማ ሊያነቡት ይችላሉ። ወደ ከተማ ሲወርዱ አራት ኪሎ ያሉትን ቤተ መጻሕፍት ስለ ስሚዝና ስለ ኪንግስሌክ አሮጌ እትሞች ይጠይቁ። ገንዘብ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ካለዎት ደግሞ መመሪያውን በስሚዝ ቦታ ተጠቅመው ገንዘቡን በኪንግስሌክ ላይ ያውሉት።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ፣ ጥያቄው «መጽሐፍ ወይስ ሶፍትዌር» መሆን የለበትም። ቅደም ተከተል ነው ጉዳዩ። ኮምፒውተር ጨረርን ከእኛ በሚሊዮን ጊዜ ፈጥኖ ያሰላል፤ ራዲየሶችን እየለዋወጠ ስህተቱን ያሳንሳል። የትኛው ዓይነት ሌንስ መነሻ እንደሚሆን ግን አይወስንም። ይህ የሶፍትዌሩ ማሻሻያ በእንጦጦ ጭጋግ ውስጥ ቁልቁለትን ብቻ እየመረጠ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ባገኘው ጎድጓዳ ቦታ ይቆማል፣ ከተማው ግን ከዚያ በታች ነው። ከመጥፎ መነሻ ከተነሣ በመጥፎ ሌንስ ላይ ረክቶ ይቆማል። ካልከለከሉትም ዳሩ ከዜሮ በታች ውፍረት ያለው፣ ማንም ሊሠራው የማይችል ሌንስ ያቀርብልዎታል፤ በስክሪኑ ላይ ግን ቁጥሮቹ ያማሩ ናቸው። ይህን ለመለየት ጉድለቶቹን በስማቸውና በመልካቸው ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያንን የሚሰጠው መጽሐፉና የእጅ ስሌቱ ነው።

ሠንጠረዡን ከጨረሱ በኋላ ኦስሎ የተባለውን የሌንስ ንድፍ ሶፍትዌር የትምህርት እትም ይጠቀሙ። ነፃ ነው፤ ገደቡ 10 የሌንስ ገጽ ነው። የእርስዎ ጥንድ ሌንስ ሦስት ገጽ ብቻ ስላለው ገደቡ አይነካዎትም፤ የቴይለር ባለ ሦስት ሌንስም ይገባበታል። ፓይተን የሚችሉ ከሆነ ሬይኦፕቲክስ የተባለው ክፍት ፕሮግራም አለ። ዚማክስና ኮድ ቪ ለድርጅቶች የተሠሩ ውድ መሣሪያዎች ናቸው፤ አሁን አያስፈልጉዎትም። የተሰረቀ ቅጂያቸውን ከማያውቁት ቦታ መጫንም አይገባም፤ ከሕጉ ባሻገር የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተሮች ለቫይረስ ያጋልጣል።

አሁን ወደ መነጽር ቤቱ። ሌንሱን እዚያ አያሠሩት። የመነጽር ባለሙያዎች ሥራቸውን ስለማያውቁ አይደለም፤ ሥራቸው ሌላ ስለሆነ ነው። በመነጽር ሌንስ ውስጥ ስናይ በአንድ ጊዜ የምንጠቀመው በዓይናችን ብሌን ስፋት ልክ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ያህሉን ቦታ ብቻ ነው። በሌላው የሌንሱ ክፍል ያለው ስህተት በዚያች ቅጽበት ምስሉን አይነካም። ቴሌስኮፕ ግን 80 ሚሊሜትሩን በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጠቀማል፤ ከዳር የገባው ብርሃንና ከመካከል የገባው ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ በእኩል እርምጃ መድረስ አለባቸው። የሚፈቀደው ልዩነት የብርሃን ሞገድ ርዝመት ሩብ ነው፤ 0.14 ማይክሮሜትር ገደማ። በመነጽር ሥራ ግን የ0.12 ዲዮፕተር ልዩነት የተለመደ ወሰን ነው (ዲዮፕተር የሌንስ ኃይል መለኪያ ነው፤ 1ን በሜትር ለተለካ የትኩረት ርቀት ሲያካፍሉ ይገኛል)፤ በ1 ዲዮፕተር ሌንስ ላይ ይህ የትኩረት ርቀቱን ከ89 እስከ 114 ሴንቲሜትር ሊያንሸራትተው ይችላል። ከዚህም በላይ የመነጽር ሌንስ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው፤ ቢኬ7ና ኤፍ2 እዚያ አይገኙም።

መነጽር ቤቱ የሚጠቅምዎት ለሌላ ነገር ነው። ፖዘቲቭ 1 ዲዮፕተር የሆነ ያልተቆረጠ ክብ ሌንስ ይግዙ፤ የትኩረት ርቀቱ 1 ሜትር ነው። ሲአር-39 ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ የአቤ ቁጥሩ 58 ገደማ በመሆኑ፣ ያ 17 ሚሊሜትር የቀለም መበታተን በተማሪዎችዎ ዓይን ፊት ይታያል። በካርቶን 2 ሴንቲሜትር ቀዳዳ ሠርተው ሲሸፍኑት ምስሉ እንደሚጠራ ያሳዩአቸው፤ ከዚያም ለምን እንደሆነ ያሰሉ። ሌንሱን በመነጽር ቤቱ የሌንስ ኃይል መለኪያ፣ በሌንሶሜትር፣ እንዲለኩልዎት ቢጠይቁ ደግሞ የስሌትና የልኬት ንጽጽር ያገኛሉ። በሳይንስ ክበብ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ርካሽና ፍሬያማ ሙከራ ብዙ አላውቅም። በየትኛውም ሌንስ ቢሆን ግን ማንም ተማሪ ወደ ፀሐይ እንዳይመለከት። በካርቶን መሸፈን፣ ጥቁር ፕላስቲክ ወይም የተጠቀለለ ፊልም ማስገባት ዓይንን አያድንም፤ ጉዳቱ በቅጽበት የሚደርስና የማይመለስ ነው። በቀን የሚሠራ ሙከራ ሁሉ እርስዎ በሌሉበት እንዳይካሄድ ያድርጉ።

ዋናው ፍላጎትዎ ተማሪዎችዎ የሳተርንን ቀለበት እንዲያዩ ከሆነ ሌንስ መንደፍ ረጅሙ መንገድ መሆኑንም ልንገርዎት። ጥንድ ሌንስ የሚጣበቁት ሁለት ፊቶች ለየብቻ ስለሚሞረዱ አራት ገጽ መሞረድና ውስጡ እንከን የሌለው ሁለት ዓይነት ብርጭቆ ይፈልጋል። የመስታወት ቴሌስኮፕ አንድ ገጽ ብቻ ይፈልጋል፤ ብርሃን በብርጭቆው ውስጥ ስለማያልፍም የቀለም መበታተን የለበትም። ከከተማዎ በስተ ደቡብ፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ ያሉት ሁለት ቴሌስኮፖች 1 ሜትር ስፋት ያላቸው መስታወቶች የያዙት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ያንን የሚያስተምሩ መጻሕፍት ሌላ ዘርፍ ናቸው። ከጻፉልኝ ግን የተረዳሁት ንድፉን ራሱን መማር እንደሚፈልጉ ነው፤ እሱ ከሆነ በጥንድ ሌንሱ ይጽኑ።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። የሄክትን ሁለት ምዕራፎች ይከልሱ፤ ስሚዝን ወይም ነፃውን መመሪያ ይዘው የጥንድ ሌንሱን ሠንጠረዥ በእጅዎ ይሥሩ፤ ቀጥሎ ኪንግስሌክን፣ ከእሱ ጎን ኦስሎን ይክፈቱ። እስከዚያ ድረስ ሌላ መጽሐፍ አይግዙ፤ አያውርዱም። ሌንሱን ራሱን ከማሠራት ይልቅ ዝግጁ የሆነ አክሮማት (የቀለም ጉድለቱ የታረመ ጥንድ ሌንስ) መግዛት ይሻላል። ቶርላብስና ኤድመንድ ኦፕቲክስ የሚሸጡትን ሌንስ ራዲየስ፣ ውፍረትና የብርጭቆ ዓይነት በይፋ ያወጣሉ፤ 50.8 ሚሊሜትር ስፋትና 1000 ሚሊሜትር የትኩረት ርቀት ያለው በካታሎግ ይገኛል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ቁጥሮቹን ወደ ሠንጠረዥዎ ያስገቡና ጨረሩን ይከታተሉ። ያገኙት የትኩረት ርቀት ካታሎጉ ከሚለው በ1 በመቶ እንኳ ቢለይ መጀመሪያ የራዲየሶቹን ምልክት፣ ቀጥሎ የብርጭቆዎቹን ኢንዴክስ ይፈትሹ፤ ስህተቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ በአንዱ ውስጥ ነው።